ከዶንግ ወንዝ የወጣው የነሐስ ሳህን

ይህ ታሪክ የፈጠራ ቢሆን ኖሮ ራሴን እንዲህ አድርጌ አልጽፍም ነበር። ደህና ሰው አድርጌ ነበር የምጽፈው።

ቦራም እባላለሁ። የሆነው ባለፈው ጥቅምት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ነበር። ጨለማ አሳስቶሽ ነው እንዳትሉኝ።

ሦስት ነበርን። እኔ፣ ጓደኛዬ ዳንቢ እና እጮኛዋ ሶክጁ። አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ተከራይተን ከሴኡል ተነሳንና ጋንግዎን ተራሮች ውስጥ ገባን። ዶንግ ወንዝ ከገደል ሥር ጥምዝ የሚልበት ቦታ ላይ ቆምን።

ዳንቢን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነው የማውቃት። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። ልትተኛ ስትል ግድግዳውን ሦስቴ ታንኳኳለች፣ እኔም ሦስቴ እመልስላታለሁ። "አለሁ" ማለታችን ነው። ካደግን በኋላም አልተውነውም።

ይቺን ነገር ያዙልኝ...

ሶክጁ ለሥጋው እሳት ሲያያይዝ፣ ዳንቢ ሰላጣ ልታጥብ ወደ ውሃው ወረደች። ትንሽ ቆይታ ተጣራች።

አንድ ድንጋይ ላይ ረጅም ነጭ ጨርቅ ታስሯል። ሌላው ጫፉ ውሃ ውስጥ ገብቷል።

ሶክጁ የዓሣ አጥማጅ ሊሆን ስለሚችል እንዳትነካው ነገራት። ዳንቢ ደግሞ ተይ ሲሏት ይብስባታል። ጎተተችው።

ክዳን ያለው የነሐስ ሳህን ወጣ። ከፈተችው። ነጭ ሩዝ፣ እስከ አፉ ተጠቅጥቆ።

ሩዙ ደረቅ ነበር።

ወንዝ ውስጥ የከረመ ሩዝ... ጠብታ ውሃ አልነካውም።

መሃሉ ላይ አንድ ረጅም ጥቁር ፀጉር ተጋድሟል። ዳንቢ ፀጉሯን እንደ ወንድ ነው የምትቆረጠው። የኔም ትከሻዬ አይደርስም።

ያኔ ነበር ሳህኑን መልሰን መሄድ የነበረብን። ግን ከተሜዎች ነን፣ ሁሉም ነገር ይገርመናል... ሁሉም ነገር ያስቃል።

እኛ ጋ ሜዳ ላይ ሲበላ የመጀመሪያዋ ማንኪያ ለማይታዩት ትወረወራለች። ዳንቢ ለቀልድ ከዚያው ሩዝ ዘገነችና ወደ ውሃው በተነች።

"ማን አለ? ኑ፣ አብረን እንብላ!"

ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

ሶክጁ ጠረጴዛውን አሰናዳ። ስቀመጥ ዓይኔ ማንኪያዎቹ ላይ አረፈ።

"አራተኛው የማነው?" አልኩት።

ቆጠራቸው። ደግሞ ቆጠራቸው።

"ሦስት ነው ያወጣሁት..." አለ በሹክሹክታ።

ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ረጥቦ ነበር። ከሥሩ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

ወደ ዳንቢ ዞርኩ። ዝም ብላለች። ዳንቢ እና ዝምታ ተገናኝተው አያውቁም። ሥጋውን ትታ ከነሐሱ ሳህን ሩዝ ብቻ ትበላለች፣ ጥርግ አድርጋ። ከአገጯ ውሃ ይንጠባጠባል... ምንም ሳትጠጣ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

በዚህ መሃል አንዲት አሮጊት ከመንገዱ ወደ ወንዙ ወረዱ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ዳበሱ። ጨርቁ የለም። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኛ መጡና ማን እንደጎተተው ጠየቁ። ሶክጁ አንገቱን ደፋ። ባለማወቅ እኛ ነን፣ ይቅር ይበሉን አልኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ልጃቸውን ውሃ እንደወሰደባቸው ነገሩን። አስከሬኗ አልተገኘም። ሳህኑን የሚጥሉት ነፍሷን እንዲያወጣላቸው ነው። ሲጎተት ሩዙ ውስጥ ፀጉር ከተገኘ ልጅቷ መጥታለች፣ ይዘዋት ወደ ቤት ይገባሉ። ካልተገኘ ገና ውሃ ውስጥ ናት። ሦስት ጊዜ ጥለው ሦስቴም ያለ ፀጉር ወጥቶባቸዋል።

እጄን ያዙኝ።

"ልጄ... ፀጉር ነበረው?"

ዳንቢ መኪናው በር ላይ ቆማ አሮጊቷን ታያለች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

እውነቱን ብናገር ዳንቢን ይዘው የሚያስቀሯት መሰለኝ። ፈራሁ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

"ምንም አልነበረም እማማ" አልኳቸው።

ባዶውን ሳህን ታቅፈው እያለቀሱ ሄዱ።

ሥጋውን እሳት ላይ ትተን ተነሳን። ሶክጁ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ፣ ዳንቢ ከኋላ አልጋው ላይ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተጓዝን።

አላስቻለኝም። ከኋላዬ አልጋውን የሚከልለውን ግድግዳ ሦስቴ አንኳኳሁ።

መልስ የለም።

ደገምኩ...

"እማዬን ለምን ጥለናት ሄድን?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

የዳንቢ እናት ቡሳን ነው ያለችው። ድምፁም የዳንቢ አልነበረም።

ሶክጁ መሪውን ሊስተው ነበር። እስከ ሴኡል ድረስ ወደ ኋላ ያየ የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳንቢ ጠፋች። ስልኳን፣ ቦርሳዋን፣ ጫማዋን ሳይቀር ትታ። ሶክጁ ያልረገጠው ሆስፒታል የለም። እኔ ግን የት እንዳለች አውቅ ነበር። ጓደኛዬን ለማስመለስ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሄጄ እውነቱን መናገር።

ብቻዬን ሄድኩ። ከወንዙ በላይ ባለው መንደር ውስጥ ልጇን ውሃ የወሰደባትን እናት ብዬ ጠየቅሁ፣ አሳዩኝ። በሩ ገርበብ ብሏል።

አሮጊቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የአንዲት ልጅ ፀጉር ያበጥራሉ። ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ወርዷል። ይንጠባጠባል።

ቀና አለች። ፊቷ የዳንቢ ነው።

አየችኝ... አላወቀችኝም።

"እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ፀጉር ነበረው" አልኩ።

"አውቃለሁ።" ማበጠሪያው አልቆመም።

"እባክዎ ይመልሱልኝ። ጓደኛዬ ናት።"

አሮጊቷ ማበጠሪያውን አስቀምጠው አዩኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። ደክሟቸዋል፣ በቃ።

"ይቺ የኔ ናት" አሉ ቀስ ብለው። "ያንቺን ከተውሽበት ፈልጊ።"

ተነስተው ልጅቷን አስገቡና በሩን ዘጉት።

ወደ ወንዙ ወረድኩ። እግሬ ነው የወሰደኝ። ሰዓቴን አየሁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት።

ድንጋዩ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። ሌላው ጫፉ ውሃ ውስጥ ነው።

ነፋስ የለም። ውሃው እዚያ ጋ ረግቷል።

ጨርቁ ተወጠረ... ላላ።

ተወጠረ... ላላ።

ተወጠረ... ላላ።

ከዚያ ቆመ። የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሦስቴ።

ተንበረከክሁ። እያለቀስኩ ጨርቁን ያዝኩና እኔም ሦስቴ ሳብ ሳብ አደረግሁት። አለሁ፣ ዳንቢ... አለሁ።

ፀጥ አለ።

ከዚያ ጨርቁ አራተኛ ጊዜ ተጎተተ፣ በኃይል።

እኔና ዳንቢ ሦስቴ ነው የምናንኳኳው፤ አራተኛ ኖሮን አያውቅም።