ቀጣይ ካርድ

እታገኝ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች፤ ሥራዋ ሲጠቀለል ስም መጥራት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትንሿን መስኮት ትከፍትና፣ ከመደርደሪያ የወጡትን ካርዶች በተራ ደርድራ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ በሚሰማው በዚያ ጥርት ባለ ድምፅዋ የበሽተኛውን ስም ከነአባቱ ትጠራለች፤ «አቤት» ያለ ገብቶ ይታከማል። ያልመለሰውን ሦስት ጊዜ ትጠራዋለች። በመጀመሪያው ድምፅዋ እንደወትሮው ነው፤ በሁለተኛው ከፍ ይላል፤ በሦስተኛው ግን፣ ለምን እንደሆነ ራሷም ሳታውቅ፣ ዝቅ ብሎ የማባበል ያህል ይለሰልሳል። ያኔም መልስ ከሌለ ካርዱ ሸርተት ብሎ ከሌሎቹ ሥር ይገባል፣ ቀጣዩ ይጠራል። አራተኛ የጠራችው ሰው የለም።

ማታ የምትገባው ደብረ ብርሃን ዳር፣ ነፋስ እንደልቡ በሚጋልብበት ሜዳ ላይ ከቆሙት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ክፍልና ኩሽና ነው ያላት፤ የሚኖሩበትም እሷና ልጇ ያፌት ብቻ ናቸው። አባቱ የሞተው እሱ ገና ጡት ሳይጥል ነበር። ዘንድሮ አሥራ ሰባት ሞልቶት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል፤ ረጅም፣ ጭምት፣ ለትምህርቱ የሚሞት ልጅ ነው፤ እሷም ያላትን ተስፋ ሁሉ ያስቀመጠችው እሱ ላይ ነው። ከበር ሆና «ያፌት» ስትል «አቤት እማ» ይላታል፤ ጎረቤቱ ሁሉ በአስተዳደጉ ይቀናባታል። እሱ «እማ» ሲል ደግሞ ቃሉን ሳይጨርስ «ወዬ» ትለዋለች፤ ልብስ እያጠበችም፣ ስልክ እያናገረችም፣ ምንም እየሠራች ቢሆን። ትንሽ ሳለ፣ ምንም ሳይፈልግ፣ «ወዬ» ስትለው ለመስማት ብቻ ተኝታ እያለች ይጠራት ነበር፤ እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ ትመልስለታለች፣ ጠዋት ሲነግራት ግን አታስታውሰውም። እንዲያ ነበሩ።

ለእታገኝ ነገሩ የጀመረው በግንቦት ነው፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጀሪካን ተሸክማ ገብታ ጠራችው፤ ዝም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራችው፤ ዝም። የተኛ መስሏት ክፍሉን ስትከፍት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል፤ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኑ ፈጦ የሚያየው እሷን ሳይሆን አፏን ነው። አልሰማህም ወይ ብትለው፣ ሰምቻለሁ፣ አንቺ መሆንሽን ላረጋግጥ ብዬ ነው አላት።

እታገኝ ተናደደች። ቀኑን ሙሉ ስም ስትጠራ ውላ፣ አምስት ሰዓት ቆማ፣ የገዛ ልጇ ይንቃታል? ይሄ ስልክ ነው ያባለገህ አለችው። በዚህ ቤት የተጠራ ሰው አቤት ይላል፣ ሰማህ? ከዚያም አገር ምድሩ ልጁን የሚያስምልበትን መሐላ አመጣችበት።

«እማ ጠርታኝ አቤት ሳልል ብቀር እናቴ ትሙት በል።»

ያፌት ፊቱ አመድ መሰለ። በሌላ ነገር ልማልልሽ ብሎ ለመናት፣ በመጽሐፍ ቅዱስም፣ በአባቴም ነፍስ አላት። እሷ ግን እልህ ይዟት ነበርና በል አልኩህ አለችው፤ እሱም ወለሉን እያየ ቃል በቃል ማለላት። ወይ አለማወቅ! እሷ እኮ ያን ማታ ልጇን ያረመች መስሏት ደስ ብሏት ነው የተኛችው።

ከዚያ ወዲህ ሲጠሩት ይመልሳል፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ስሙን ስትጠራ ትንሽ ዝምታ ይቀድማል፣ ቀጥሎ ወለሉ ላይ የእግሩ ኮቴ ይሰማል፣ በር ላይ መጥቶ ፊቷን አይቶ ከንፈሯን አይቶ ነው «አቤት» የሚለው። የእራት ሳህኑ ሳይነካ ይመለሳል። በግድግዳው በኩል ሌሊቱን ሲገላበጥ፣ ሲነሳ፣ መብራት ሲያበራና ሲያጠፋ ትሰማዋለች። ዓይኑ ሥር የጠቆረው ነገር ጉንጩ ድረስ ወረደ። ትምህርት ቤት የክፍል የሒሳብ ፈተና ላይ ስሙን ጽፎ ባዶ ወረቀት አስረከበ፤ ምን ሆንክ ቢሉት፣ ሌሊት አልተኛሁም አለ።

አንድ ረቡዕ ራሷን ቢያማት በዘጠኝ ሰዓት አስፈቅዳ ወጣች። ደረጃው ቀንም ጨለማ ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶና የቆየ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል፤ ነፋሱ ባልተገጠሙት መስኮቶች ገብቶ እየወጣ ሲያፏጭ ከሰው ትንፋሽ ጋር ይምታታል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ከላይ፣ ከቤቷ፣ ሴት ስትጠራ ሰማች።

«ያፌት።»

እግሯ ደረጃው ላይ ቀረ። ድምፁ ዝም አለ፣ ቆየ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ደገመ። ድጋሚ ዝም አለና በሦስተኛው ዝቅ አለ፤ ለስለስ፣ እንደ ማባበል። እታገኝ ያንን ድምፅ የማታውቅበት ምክንያት የለም፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስትጠራበት የኖረችው የገዛ ድምፅዋ ነው።

ቁልፉን እንዴት እንዳዞረች አታውቅም። ያፌት ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ አፉን በመዳፉ ግጥም አድርጎ ይዞ፣ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። የስልኩ መስታወት ላይ ጠባብ ኮሪደር ይታያል፣ ወዲህም ወዲያም ጨለማ። ስልኩን ስትነጥቀው አልተከራከራትም፤ እንባው ወረደ እንጂ። ከክፍል ጓደኛው የወሰደው ጌም ነው አላት። ሲከፈት የማይክ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቤት ውስጥ የሚወራውን እየሰማ ይማርና፣ መጀመሪያ ማታ ማታ፣ ሲቆይ ቀንም፣ ውስጡ ያለች አንዲት ሴት በምታውቀው ሰው ድምፅ ትጠራሃለች። ሦስት ጊዜ ነው የምትጠራው። ዝም ብለህ ካለፍክ ያን ሌሊት ተርፈሃል፤ ከመለስክላት መጥታ ትወስድሃለች። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ብዙ ሌሊት የቆየው እሱ ነው፣ ሠላሳ አንድ ሌሊት። ያልነገራት ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ጌም ነው ብዬ ነዋ አላት።

ስልኩን በማግስቱ ካርድ ክፍል ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ለሲስተር ውድነሽም ነገረቻት፤ ውድነሽ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፣ ረጋ ያለች፣ የምትናገረውን የምታውቅ። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም አለቻት፤ ልጆቹ ማታ ማታ እየፈሩ ሲጫወቱ ልባቸው ሲመታ ያድራል፣ አእምሯቸው አደጋ አለ ብሎ ይጠብቃል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ሲሰነብት ደግሞ የሌለ ድምፅ ያሰማል። ስልኩን አርቂ፣ በጊዜ አስተኚው፣ በሳምንት ይስተካከላል። እታገኝ እየመረቀቻት ወጣች። ያን ቀን እንዴት እፎይ እንዳለች!

ሳምንቱ አለፈ፤ አልተስተካከለም። እንዲያውም ብሶበት ያፌት ጭራሽ መተኛት አቆመ። ክፍል ውስጥ ቁጭ እንዳለ ተዘርሮ ወድቆ፣ ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። አምስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፤ እጁ ብርጭቆ አይዝም፣ ቃላት ይጠፉበታል፣ እንደ ትንሽ ልጅ ቀሚሷን ይዞ ከክፍል ክፍል ይከተላታል። ፈተናው አራት ቀን ቀረው፤ እታገኝ ግን ፈተናውን ረስታዋለች። ልጄ አእምሮው ሊሄድ ነው፣ ከእጄ ሊያመልጥ ነው እያለች፣ ሽንት ቤት ገብታ ውኃ ከፍታ ታለቅሳለች።

«ስልኩን ከወሰድሽው በኋላ ነው የበረታችው» አላት አንድ ማታ። «በፊት ስዘጋው ዝም ትል ነበር። አሁን የምዘጋው ነገር የለኝም።»

እንቅልፍ ማጣት ነው አለችው፤ ሲስተር የነገረቻትን ደገመችለት። እሱ ግን ስሜን አትጥሪኝ ብሎ እጇን ይዞ ለመናት፤ ያንንም መሐላ አንሺልኝ አላት። እንዲህ ያለ መሐላ እንዴት እንደሚነሳ ደግሞ ማን ያውቃል? ቄስ ጋ እንሄዳለን፣ ከፈተናው በኋላ አለችው።

በማግስቱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ኩሽና ውስጥ ሻማ ስትፈልግ ኮቴ ሰማች፤ ያፌት በጨለማው መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ለምን ጠራሽኝ አላት። አልጠራሁህም አለችው። እኔም አልመለስኩም፣ ዝም ብዬ መጣሁ አላት። ስትዞር ከሳሎኑ በኩል ቀዝቃዛ አየር መጣ፣ ከአየሩም ጋር ሽታ፦ የቆየ ካርቶን፣ በረኪና፣ ብዙ የታመመ ሰው ውሎ የሄደበት ኮሪደር። ከሥራ ጋዋኔ ላይ ነው ብላ አሰበች። ጋዋኗ ግን ታጥቦ በረንዳ ላይ ተሰጥቷል።

ያን ማታ እታገኝ መከራከሯን ተወች። የእሷን ፍራሽ ጎትታ እሱ ክፍል አስገባች፣ በሩን ቆልፋ ወንበር አስደገፈችበት፣ ሻማውን እግርጌ አቆመች። ራሱን ክንዷ ላይ አድርጋ አስተኛችው። እኔ አፌን እዘጋለሁ አለችው፤ አፌ ተዘግቶ ድምፅ ከሰማህ እኔ አይደለሁም፣ አትመልስ። ያፌት «ምያለሁ እኮ እማ» አላት። መሐላው የኔ ነው፣ ኃጢአቱም በእኔ ይሁን፤ አንተ ብቻ ተኛልኝ አለችው፤ ከዚያም መዳፏን አፉ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

ደግሞም ተኛ። መጀመሪያ አላመነችም። ትንፋሹ እየረዘመ፣ ትከሻው እየከበደ፣ እግሩ እንደ ሕፃንነቱ አንድ ሁለቴ ተንፈራግጦ፣ ከዚያ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰደው። ሞቅ ያለ ትንፋሹ መዳፏን ሲያርሰው እታገኝ በደስታ መጮህ ቃጣት፤ በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ያለ ስጦታ የተሰጣት አልመሰላትም። ሻማው አለቀ። ነፋሱም፣ ይሄ ሌት ተቀን የማያርፈው ነፋስ፣ ድንገት ዝም አለ። ያ ሽታ በበሩ ሥር ገባ።

«ያፌት።»

ከሳሎኑ ነው። ተራ ድምፅ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ። እታገኝ ምላሷን ነከሰች፤ አፏ መዘጋቱን በጥርሷ አረጋገጠች።

«ያፌት!»

የልጁ ዐይነ ቆብ ተርገበገበ። በደንብ ያደገ ልጅ ነው፤ እንቅልፍ ውስጥም ሆኖ ከንፈሩ መዳፏ ሥር ተላቀቀ፣ «አ» የምትለዋ ትንፋሽ ጣቶቿ መሃል ተሰማቻት። አጥብቃ አፈነችው። አምላኬ፣ አንድ ብቻ ነው የቀረው፣ አንድ ብቻ።

ሦስተኛው ከበሩ ሥር መጣ። ለስለስ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ርኅሩኅ ሆኖ፤ እታገኝ የራሷ ድምፅ እንዲህ እንደሚያሳሳ አታውቅም ነበር፣ እሷ ራሷ ልትመልስለት ምንም አልቀራትም። የያፌት ጉሮሮ ተንቀሳቀሰ። እስኪያማት ያዘችው። ቆየች፣ ቆየች፤ ጉሮሮው ተመልሶ ረጋ፣ ትንፋሹ ረዘመ። አልመለሰም።

አለፈ። ሦስት ተጠርቶ አለፈ። እንባዋ ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ ተወችው። ነገ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ፈተናው፣ ከዚያ ደግሞ ይሄን ቤት ለቀው ይሄዳሉ፤ ልጇ ተርፏል፣ ሌላው ሁሉ ዕዳው ገብስ ነው። የአምስት ቀን ድካም ድንገት እሷንም ተጫናት፤ ዐይኗ ተከደነ።

ከበሩ ማዶ አንድ ደረቅ ድምፅ ሰማች፤ አሥራ አራት ዓመት በየቀኑ የምትሰማው ድምፅ ነው፦ አንድ ካርድ ሸርተት ብሎ ከሌሎቹ ሥር ሲገባ።

«እማ።»

የያፌት ድምፅ ነው። ያፌት ግን ክንዷ ላይ ነው፣ መዳፏ አፉ ላይ ነው፣ ከንፈሩም አልተንቀሳቀሰም፤ ይሄን ሁሉ እታገኝ በደንብ ታውቃለች፣ ታውቅ እንጂ ዐይኗን እንኳ ሳትገልጥ፣ ልጇ ቃሉን ሳይጨርስ፣ «ወዬ» አለች።