በባዶው ድንጋይ ፊት የተለኮሰ መብራት

መማል አልወድም፤ መሐላ የሚያበዛ ሰው ሐሰት የለመደ ነውና። ይህን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬም ሰምቻለሁ።

እኩለ ቀን ነበር... ጥላ ከእግር ሥር የሚደበቅበት ሰዓት።

በደቡብ ህንድ፣ በካቬሪ ወንዝ ዳር ያለው ጥንታዊው የአምላካችን የሺቫ ቤተ መቅደስ በመታደስ ላይ ነበር። በእድሳት ጊዜ ካህኑ የአምላኩን ኃይል በጸሎት ከሚመለክበት ድንጋይ አውጥቶ ወደ ውኃ ማሰሮ ያዛውረዋል፤ ማሰሮውም በግቢው ጥግ ባለች የዘንባባ ጎጆ ይቀመጣል። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ድንጋዩ ባዶ ነው።

ለባዶ ድንጋይ አይሰገድም። መብራትም አይለኮስለትም።

በወና ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚጣራ ሰው፣ ማን እንደሚመልስለት አያውቅምና።

ታናሽ እህቴ ሲቫካሚ ልጇን ፖኒን አዝላ ከከተማ መጣች። ልጅቱን ሳል ጨርሷታል፤ መጨረሻው እንደ ፉጨት የሚቀጥን ሳል። ሐኪሞቹ፣ "ወደ ቤቷ ውሰጃት" ብለዋል።

ካህኑ ሳባፓቲ ከጎጆዋ ደጃፍ ተቀበለን።

"አምላክም እንደ እኛው ነው፣ እህቴ። ቤቱ ሲታደስ አቧራውን ሸሽቶ ጎረቤት ይጠጋል። እዚሁ ለምኚው፤ ድንጋዩ ዘንድ ግን አትድረሺ።"

ሲቫካሚ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"እናታችን የለመነችው ድንጋዩን ነው። እኔ ለማሰሮ አልሰግድም።"

"ድንጋዩ ውስጥ ማንም የለም።"

"ወንድምዬ፣ አንተ መምህር ነህ፣ ሰዋስው አለህ። ልጅ ግን የለህም።"

ወደ ቤተ መቅደሱ ኩሬ ወረድሁ።

ከኩሬው እግሬን ታጥቤ ስመለስ እናትና ልጅ ሁለቱም አልነበሩም።

ከቤተ መቅደሱ ውስጠኛ ክፍል... ሳል ተሰማ።

ለእድሳቱ በቆመው የቀርከሃ መወጣጫ ሥር አጎንብሼ ገባሁ። እህቴ መብራት ለኩሳ በድንጋዩ ፊት በግንባሯ ተደፍታለች።

"ማንም ሁን..." ትላለች በሹክሹክታ። "ማንም ሁን፣ ይህን ሳል ከልጄ ውሰድ።"

"ተነሺ።"

"ዝም በል።"

ሳሉ ቆመ።

ነበልባሉ ወደ ድንጋዩ ዘመመ... ነፋስ ግን አልነበረም።

መቆም ተስኗት የነበረችው ፖኒ ተነሥታ ቆመች።

"እማ፣ እንሂድ።"

እጇን ያዝሁ። እንደ ወንዝ ጠጠር ይቀዘቅዛል።

ከዚያ ወዲያ በላች፤ ሮጠች። ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ።

እኔ ግን ጠጉሯን እመለከት ነበር። በዚያ ቀን የተሰካላት የጃስሚን አበባ ጉንጉን... አልጠወለገም።

ዓይኖቿም አይርገበገቡም።

እድሳቱ በተፈጸመበት ዕለት፣ እንደገና በእኩለ ቀን፣ ካህኑ ማሰሮውን በአናቱ ተሸክሞ ገባ፤ እኔ፣ እህቴና ልጅቱም ተከተልነው። አምላኩን ወደ ቤቱ ሊመልስ፣ ውኃውን በድንጋዩ ላይ ሊያፈስ። በአንድ እጁ ድንጋዩን ዳሰሰ...

ፈጥኖ እጁን ሰበሰበ።

"መምህር..." አለኝ በሹክሹክታ። "ይሞቃል። ትኩሳት እንዳለበት ገላ።"

በዚያች ቅጽበት ከድንጋዩ ውስጥ የሕፃን ሳል ተሰማ።

መጨረሻው እንደ ፉጨት ቀጠነ።

እህቴም ሰማች። ፊቷ ዐመድ መሰለ። ወደ ድንጋዩ አንድ እርምጃ ተራመደች...

"እማ፣ እንሂድ" አለች አጠገቧ የቆመችው።

ሳሉ ከድንጋዩ እንደገና ተሰማ።

ሲቫካሚ ወደ ድንጋዩ አየች። ወደ ልጅቱም አየች። ከዚያ ቀዝቃዛውን እጅ አጥብቃ ያዘችና ጀርባዋን ሰጥታ ወጣች።

በደጃፉ ብርሃን ላይ ልጅቱ ዞራ አየችኝ።

ከጠጉሯ ጉንጉን ላይ አንድ እምቡጥ... ቀስ ብሎ ፈነዳ።