ባዶው የሲሊንደር ቦታ

እኔ ሰው ስለ መንፈስ፣ ስለ ጥላ፣ ስለማይታይ ነገር ማውራት ሲጀምር ጃኬቴን አንስቼ የምወጣ ሰው ነበርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ እንኳ ሳቄን ለመደበቅ ወደ መኪና ማቆሚያው እሄድ ነበር፣ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ላሳምናችሁ ብዬ አይደለም፣ የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተ የፈለጋችሁትን በሉ።

ከልጄ ከሐና እናት ጋር ስንለያይ አምስተልቨን ከተማ ያለው ቤት ለእሷና ለልጃችን ቀረ፣ እኔ ሶሻለ ሁር የሚባለውን የርካሽ ቤት ወረፋ እየጠበቅሁ ሻርሎይስ በሚባለው ሰፈር፣ ጋሽ ተክለ ግቢ ውስጥ በቆመ አሮጌ ካምፐር፣ አልጋና ምድጃ ባለው መኪና ውስጥ መኖር ጀመርኩ። ጋሽ ተክለ ኤርትራዊ ናቸው፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የኖሩ፣ እዚህ ወደብ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ካምፐሩም የእሳቸው ነው። ቀን ዴን ሃግ ከተማ ቢሮ አጸዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ አበስላለሁ፣ እተኛለሁ። ምን ይሰማሃል ብትሉኝ ምንም፣ አላዝንም፣ አልናደድም፣ ጥርስ ሊነቀል ሲል በመርፌ እንደደነዘዘ ድድ ሆኜ ነበር በቃ።

የካምፐሩ ምድጃም ማሞቂያውም በጋዝ ነው የሚሠራው፣ ከውጭ በኩል የሚቆለፍ ሳጥን አለ፣ እዚያ ውስጥ ሁለት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። የገባሁ ቀን ጋሽ ተክለ፣ "ሁለቱንም አንድ ላይ እንዳትከፍት" አሉኝ፣ "አንዱ ሲያልቅ ሌላው ሳታውቀው ይቀጥላል፣ ከዚያ በብርድ መሃል ሁለቱም ባዶ ይሆኑብሃል። ግራውን ክፈት፣ ቀኙ ተዘግቶ ይቀመጥ።" እንዳሉኝ አደርጋለሁ፣ የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሌላ ቁልፍ የለም።

ዲሴምበር ላይ ነው፣ ከሥራ መጥቼ ፓስታ ጥጃለሁ፣ ገና አመሻሽ ነው ግን እዚህ አገር በክረምት እንደምታውቁት ቶሎ ይጨልማል። ከግድግዳው ጀርባ ሲጥ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የዛገ ነገር ቀስ ብሎ ሲዞር እንደሚያሰማው ዓይነት። ቀና ስል እሳቱ አነሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ። ጋዝ አለቀ ብዬ ወጣሁ። ቀን የጣለው ስስ በረዶ መሬቱን ሸፍኖታል፣ ሳጥኑ አጠገብ የማንም ዱካ የለም፣ ቁልፉም እንደተቆለፈ ነው። ከፍቼ የግራውን ሲሊንደር ነቅነቅ ባደርገው ከባድ ነው፣ ጋዝ አለው። መክፈቻው ግን ተዘግቷል፣ እመኑኝ፣ በሁለት እጄ ታግዬ ነው የከፈትኩት፣ ብረቱ ደግሞ በዚያ ውርጭ ሞቅ ይላል፣ ሰው ብዙ ይዞት ቆይቶ ገና አሁን እንደለቀቀው።

ጋሽ ተክለ ቆሻሻ ሊጥሉ ወጥተው አዩኝና ጠጋ አሉ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ጋዙን የዘጋው ሰው አለ፣ እርስዎ መጥተው ነበር እንዴ?"

"እኔ? በዚህ ጉልበቴ?" አሉና መክፈቻውን ነኩት። ወዲያው እጃቸውን ሰብስበው በካፖርታቸው ጠረጉት። "ዛሬ ለምን እኔ ቤት ገብተህ አታድርም?"

"ግድ የለም ጋሼ" አልኳቸው።

ልብ በሉ፣ አልፈራሁም። መፍራት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግን ፍርሃቱ አልመጣም። ገብቼ እሳቱን ለኮስኩና ፓስታዬን በላሁ።

ለራሴ ብቻ ቢሆን እዚያው ላይ እተወው ነበር፣ ግን ቅዳሜ ሐና ልትመጣ ነው፣ እናቷም በስንት ልመና ነው እሺ ያለችው። ስለዚህ ባለሙያ አስመጣሁ፣ ቱቦውን በሳሙና ውኃ ፈተሸ፣ የሚያፈስ ነገር የለም፣ መክፈቻው በራሱ ሊዞር ይችላል ወይ ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ። እኔ ግን ያንን የግራውን ሲሊንደር ነቅዬ ለጋዝ ሱቁ መለስኩት፣ ቀኙን ከፈትኩ፣ የግራው ቦታ ባዶውን ቀረ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሐና መጣች፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ እኔ ሻይ ጥጃለሁ። ሲጥ፣ ሲጥ አለ። ዓይኔን ከእሳቱ ላይ አልነቀልኩም፣ እሳቱ ቅንጣት አልቀነሰም፣ ድምፁ የሚመጣው ከግራ በኩል፣ ምንም ከሌለበት ቦታ ነው።

"ፓፓ፣ ዊ ኢስ ዳት?" አለችኝ፣ ማን ነው ማለቷ ነው።

"ነፋስ ነው።"

"ኔ፣ ነፋስ አይደለም" አለች፣ እርሳሷን እንኳ ሳታስቀምጥ። "አንተን እኮ ነው የሚያናግርህ። ለምን አትመልስለትም?"

"ምን ይለኛል?"

ትከሻዋን ነቀነቀች። "ላንተ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም የሚያወራው።"

ዕቃዋን ሰብስቤ ቀኑ ሳይመሽ ወደ እናቷ ወሰድኳት፣ ባቡር ውስጥ ስለ ጓደኞቿ ስታወራ ነበር፣ ምንም እንዳልሆነ።

የወረፋው ቤት እስካሁን አልደረሰኝም፣ አሁንም እዚያው ነኝ። ድምፁ አልፎ አልፎ ይመጣል፣ አልመልስለትም፣ ወጥቼም አላይም፣ እውነቱን ለመናገር ለምጄዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልለመድኩም። ሐና በስልክ ስታወራኝ መሃል ላይ ዝም የምትልበት ጊዜ አለ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሐና? አለሽ?" እላታለሁ።

"አለሁ" ትለኛለች፣ "እሱ ይጨርስ ብዬ ነው።"