የሎኮ ተራ

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሰው ሁሉ ቀድሜ የምስቅ ሴት ነኝ፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ደጃፍ ላይ ጸበል ስትረጭ «እማዬ ወለሉን አረጠብሽው» እያልኩ ከኋላዋ በጨርቅ የምወለውል፣ ጎረቤት ጥላ አየሁ ሲል «እራት ሳትበላ ተኝተህ ነው» የምል፣ እንዲያ ነኝ፣ አሁንም እንዲያው ነኝ ብል ደስ ባለኝ። ግን ያን እሁድ ከሰዓት ያየሁትን አይቻለሁ፣ እመኑኝ፣ ማንንም ለማስፈራት አይደለም የምጽፈው፣ ለብቻዬ መያዙ ስለከበደኝ ነው።

ገነት እባላለሁ፣ ነገሌ ቦረና ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ የመጣ ቢሆንም እኔ ከስምንተኛ ክፍል አልዘለልኩም፣ የቀረውን ከመዝገበ ቃላትና ከአንድ መጽሐፍ ነው የተማርኩት። መጽሐፉን ያመጣችው ሎኮ ናት። ሎኮ የልጅነት ጓደኛዬ፣ የአሬሮ ገጠር ልጅ፣ ነገሌ አጎቷ ቤት ሆና ልትማር መጥታ በአንድ አጥር ያደግን ነን፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ሊያቃጥለው ከቆለለው ወረቀት ውስጥ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንስታ መጣች፣ ሽፋኑ ላይ ዘንዶ፣ ውስጡን ምስጥ የበላው። ስንት ሳምንት ታግለን ፈታነው፣ ለካ ጨዋታ ነው፣ ያውም በአፍ የሚጫወቱት፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይሆናል፣ አንዱ ደግሞ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፣ «ወንዝ ዳር ደርሰሃል፣ ምን ታደርጋለህ?» ይላል፣ ተጫዋቹ ያሰበውን ይናገራል፣ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ የሚሉት፣ እየተጣለ ቁጥር የሚያወጣ ጠጠር ይለየዋል።

ታሪኩ ግን አልተዋጠልንም፣ ግንብ፣ ጋሻ፣ ወርቅ ላይ የተኛ ዘንዶ። «ወርቁ ላይ ተኝቶ ምን ይሠራል ይሄ? ሻኪሶ ወስዶ አይሸጠውም?» ብላ ሎኮ አሳቀችኝና፣ በዚያው ሕጉን መቀየር ጀመርን። ዘንዶው ወጣ፣ ድርቅ ገባ። መጽሐፉ የተመታ ሰው ደሙ ይቀነሳል ይላል፣ እኛ ውሃው ይቀነሳል አልን። ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ይጠይቃል፣ ከየት ይምጣ፣ ሃያ ቆርኪ ላይ ቁጥር ጽፈን የወተት ጣሳ ውስጥ ከተትን። ካርቶን ላይ ካርታ ሣልን፣ መሐሉ ላይ ኤላ የሚባለው ጥልቅ የቦረና የውሃ ጉድጓድ፣ አጠገቡ ገንዳ፣ ተጫዋቾቹ ከብት እየነዱ ውሃ የሚፈልጉ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ድንጋይ ካርታው ላይ ይቆማሉ። መሪውን ደግሞ የቦረና ኤላ ላይ የመጠጫ ተራ በሚያስይዘው ሰው ስም «አባ ሄሬጋ» አልነው፣ እሱንም እኔ ሆንኩ፣ የሎኮ አጎት ሰምተው «ሴት አባ ሄሬጋ! ከብቱ ራሱ ስቆ ውሃውን ይተፋዋል» ብለው ለስንት ጊዜ መሳቂያ አደረጉኝ።

ምስጥ ከበላቸው ሕጎች አንዱ፣ ተጫዋች ሲቀር ምን ይደረጋል የሚለው ነበር፣ አርእስቱ ብቻ ተርፏል። እሱን የሞላችው ሎኮ ናት። «ገኔ፣ የቀረ ሰው ተራው ይጠበቅለት፣ ስሙን ሦስት ጊዜ ጥሪው፣ ካልመጣም ቆርኪ አውጪለት፣ እሱ ቢቀር ከብቱ ምን አጠፋ?» አለችኝ። ድንጋዩም ገንዳው አጠገብ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ማንም አይነካውም። እንዲህ ብለን ጻፍን።

ከዚያ የቀረችው እሷው ሆነች። በሞያሌ በኩል ወጣች፣ ሥራ አገኛለሁ ብላ፣ ናይሮቢ ደርሻለሁ ብላ አንድ ጊዜ ደወለች፣ መስመሩ እየተቆራረጠ «ድንጋዬን እንዳታነሺ» ብላ ሳቀች፣ ከዚያ በኋላ ድምጿን የሰማ የለም። እናቷም አሬሮ ሆነው የሚያውቁት ነገር የለም፣ ሞታለች ተብሎ አልተለቀሰም፣ አለች ተብሎም አልተዘፈነም። አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

ጨዋታውን ግን አልተውኩም። የፎቶኮፒ ቤት አለኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከጀርባ ባለችው ክፍል እንሰበሰባለን፣ ሄለን የሒሳብ መምህሯ፣ ጅሎ መለዋወጫ ነጋዴው፣ ጋሽ ቦሩ ጡረታ የወጡት ሹፌር። በየዙሩ የሦስቱ ተራ ሲያልቅ እኔ «ሎኮ፣ ሎኮ፣ ሎኮ» ብዬ እጠራለሁ፣ ዝም ብለን እንጠብቃለን፣ ቆርኪ አወጣላታለሁ፣ እንቀጥላለን። ዘንድሮ ወደራ ከተማ ያሉ ሰዎች ጨዋታውን ሰምተው ሕጉን ላኩልን አሉን፣ ሄለን በንጹሕ ልትገለብጠው ተቀመጠችና እዚያ ሕግ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እትዬ ገነት፣ ያልሠራ ሕግ ይቀየራል ብለሽ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ፣» አለችኝ ቀስ ብላ። «ይሄ ጨዋታውን እየገደለው ነው። አንቺም ስሟን በጠራሽ ቁጥር ታሪኩን መቀጠል ያቅትሻል፣ አይተንሻል።»

«እኔም ልል ነበር፣» አለ ጅሎ፣ «ወይ ትምጣ ወይ ትሙት... በጨዋታው ማለቴ ነው፣ በጨዋታው!»

«ዝም በል አንተ፣ ምን ዓይነት አፍ ነው!» አሉት ጋሽ ቦሩ።

እኔ አልተቆጣሁም፣ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። ነገ እሷን ሳልጠራ ለብቻዬ ተጫውቼ አያለሁ፣ ከሠራ የሎኮን ሕግ እሰርዘዋለሁ፣ ድንጋይዋንም አነሳለሁ አልኩ። አፌ አለ እንጂ ሆዴ አላለም።

እሁድ ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩ፣ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማሽኑም አይጮህም፣ ከደጅ ነፋስና የባጃጅ ድምፅ አልፎ አልፎ ብቻ። አዲስ ሕግ ስሞክር የሁሉንም ድርሻ ራሴ ነው የምጫወተው፣ ለጋሽ ቦሩ ድምፄን ወፈር፣ ለጅሎ ፈጠን አድርጌ፣ ሰው ቢያየኝ አብዳለች ይለኛል። የሦስቱን ተራ ጨርሼ፣ ሎኮን ሳልጠራ፣ ወደ አዲሱ ዙር አለፍኩ። ጣሳው ውስጥ አንድ ቆርኪ ቀጭ አለ። ቆርኪ ነው፣ ተደላድሎ ነው አልኩ። በሁለተኛው ዙር ዘለልኳት፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቀጭ። ተነሳሁ፣ ጠረጴዛውን ነቀነቅኩ፣ አይነቃነቅም፣ አይጥ ብዬ ከሥሩ አየሁ፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ዙር ክዳኑን ገጥሜ መዳፌን ከላይ አሳረፍኩበት፣ የሦስቱን ተራ ጨረስኩ፣ ቀጭ አለ፣ ድምፁ ብቻ ቢሆን ጆሮዬን እጠረጥር ነበር፣ ግን መዳፌ ሥር ተሰማኝ፣ ከውስጥ በጣት እንደተነካ።

ያኔ ነው ካርታውን ያየሁት። የሎኮ ድንጋይ ገንዳው አጠገብ የለም። የነበረበት ቦታ ላይ ፀሐይ ያላገኘው ጠቆር ያለ ክብ ብቻ ቀርቷል፣ ድንጋዩ ከኤላው ወጥቶ መገንጠያው ላይ ቆሟል። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ነገሌ ይመጣል፣ ሌላው ካርቶኑ ወደሚያልቅበት፣ እኔና እሷ ምንም ወዳልሣልንበት ይሄዳል። እኔ አልነካሁትም፣ በእግዚአብሔር ስም፣ አልነካሁትም። እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት፣ ሞቆ ነበር፣ ሰው ጭብጡ ውስጥ ይዞት እንደቆየ ያለ ሙቀት። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? መሸሽ ሲገባኝ «ሎኮ፣ ብቻሽን ነሽ?» አልኩ። ቆርኪው ከዚያ በኋላ ድምፅ አላሰማም። ቁጭ ብዬ ድንጋዩ እጄ ውስጥ እስኪበርድ አለቀስኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ድንጋዩን መገንጠያው ላይ መልሼ፣ ቅዳሜ ሲሰበሰቡ «የሎኮ ሕግ ይቆይ፣ መዝለሉ አልሠራም» ብቻ አልኳቸው፣ ሄለን ፊቴን አየችና አልተከራከረችም። የሦስቱ ተራ አለቀ። «ሎኮ፣» አልኩ። «ሎኮ፣» አልኩ ሁለተኛ። ጋሽ ቦሩ ቀና ሳይሉ፣ ቆርኪያቸውን እያገላበጡ፣ «ናጋ፣ ናጋ፣ ደህና ነሽ ወይ» ብለው በኦሮምኛ ለሰላምታ መለሱ።

ሁላችንም ዞር አልን። «ማንን ነው ጋሼ?» አለ ጅሎ።

«ሰላም ያለችኝን ነዋ፣ አሁን በበሩ ያለፈችውን። መልስ አይሰጥም እንዴ?»

ጅሎ ወጥቶ አየ፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ አቧራ ብቻ። እኔ «ወደየት ስታልፍ ነው ጋሼ፣ ወደ ቤት ነው ወይስ ወደዚያ?» አልኳቸው።

ቆርኪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እሱን አላየሁም ልጄ፣ ድምፅ ነው የሰማሁት። ግን የመንገደኛ ድምፅ ነው፣ የቸኮለ፣ የሆነ ሰው ያስቆመው ዓይነት።»

ይሄው ነው እንግዲህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ቤት እየጠራኋት ነበር የሚመስለኝ፣ ለካ ከመንገዷ እያስቆምኳት ይሆናል፣ ወይም መንገዷን የምታገኘው በኔ ድምፅ ብቻ ይሆናል፣ የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ሦስቱም አፍ አፌን እያዩ ይጠብቃሉ፣ ሄለን እጄን ይዛለች፣ ሦስተኛው ጥሪ ጉሮሮዬ ላይ ነው፣ አላወጣሁትም፣ አልዋጥኩትም።