ከቀኝ አራት ክቦች

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዌንደል ክራውዘ በኮልቪን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኑ መሰብሰቢያ ክፍል ውስጥ ተገድሎ ተገኘ። የሰማንያ አራት ዓመቱ ጡረተኛ አሠልጣኝ ከነጩ ሰሌዳ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰርጉዷል፤ አጠገቡ በደም የተለወሰ የክብደት ማንሻ ብረት ወድቋል። ደሙ እስከ ሰሌዳው ጫፍ ተረጭቷል።

የአውራጃው መርማሪ ቬልማ ሪንኮን ሬሳውን አንዴ፣ ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ አየች። የጨዋታ ስዕል ተስሎበት ግማሹ በእጅጌ ተጠርጓል። የተረፈው የፊት መስመሩ ብቻ ነው፦ መሐል ላይ ኳስ አቀባዩ፣ ከግራው ተጫዋቾችን የሚወክሉ ሁለት ክቦች፣ ከቀኙ አራት። የተጠረገው ቦታ ላይ ደሙ ተሞዥቋል።

ጠዋት ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንድ በአንድ ሰሌዳው ፊት አቁማ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻቸው።

መጀመሪያ የገባው ዋናው አሠልጣኝ ትራቪስ ቦግስ ነው። የእጁ አንጓዎች ተልጠዋል።

«እጅህ ምን ሆነ?»

«ትናንት ልምምድ ላይ ተናድጄ ቁም ሳጥን ደበደብኩ፣ እትዬ ቬልማ።»

«ከሽማግሌው ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«በየሳምንቱ! ‹የምትጫወቱት የኔን ኳስ ነው› እያለ ያደርቀኝ ነበር። እኔ ምን አገባኝ? አጥቂውን ክፍል የሚመራው ብሬንት ነው፤ ፈጠራውም የሱ። ዩኒቨርሲቲ እንኳ ለአሠልጣኝነት የጠራው በዚሁ ነው።»

«እስቲ ስዕሉን ጨርስልኝ።»

ቦግስ አራቱን ክብ እንዳለ ገልብጦ ከኋላ ሯጭ ጨመረበት። «ይሄማ የኛው ነው! ዘንድሮ ተጋጣሚዎቻችንን ሁሉ ያሸነፍነው በዚህ አይደል?»

ቀጥሎ የሟቹ ልጅ ሮይስ፣ የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኛው፣ ዓይኑ አብጦ ገባ። አባቱን በመኪና ያመጣው እሱ ነው። እሱም አራት ክብ ሣለ። «ኳስ አይገባኝም። ያየሁትን ገለበጥኩ።»

የመጨረሻው የአጥቂው ክፍል አሠልጣኝ ብሬንት ሳሊ ነበር፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው፣ የለበሰው ሸሚዝ ገና ከእጥፉ የተፈታ። ከግራ ሦስት፣ ከቀኝ ሦስት ክብ ሣለ። «የሽማግሌ ነገር ነው፤ የጥንት ኳስ አላውቅም» አለ።

ቬልማ ወረቀቱን አጠፈችና ፖሊሶቹን ወደ ልብስ ማጠቢያው ላከች።

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ደሙ አልታጠበም።

«ገዳዩ መጀመሪያ መታ፣ ከዚያ ጠረገ» አለች። «ደሙ ከቀለሙ ጋር አብሮ ተሞዥቋል። ሰው ገድሎ ሰሌዳ ለማጽዳት የቆመ፣ ከሬሳው ይልቅ ስዕሉን ፈርቷል።»

«ስዕል ምን ያስፈራል?» አለ ቦግስ።

«ይሄ ነጠላ ክንፍ የሚባል የጥንት አሰላለፍ ነው፤ በአንዱ ወገን ሰው ይበዛል። አባቴ በልጅነቱ የተጫወተው ነው። አቀባዩ ኳሱን በቀጥታ ከኋላ ላለው ሯጭ ይሰጣል፤ እሱ ሲሻው ይሮጣል፣ ሲሻው ይወረውራል። ዛሬ ተጫዋቾቹን ወደ ዳር በትናችሁ ሜዳውን አሰፋችሁት እንጂ አጥንቱ ያው ነው።»

«ታዲያ እኔን ምን ያገናኘኛል?» አለ ሳሊ።

«ኳስ የማይገባው ሮይስ አራት ሣለ። ቦግስ የኛው ነው አለ። ፈጠርኩት የምትለው አንተ ግን ሦስት ሣልክ። የገዛ ጨዋታህን ለምን ካድከው? ሸሚዝህን ከማጠቢያ ማሽኑ አውጥተነዋል። እጅጌው ደምና የሰሌዳ ቀለም ነው።»

ሳሊ ወንበር አንሥቶ ወረወረባት። ቅንድቧ ተተርትሮ ደም ዓይኗ ውስጥ ገባ። ቦግስ ሳሊን በትከሻው ገጭቶ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው፤ ጥርስ ሲሰበር ተሰማ። ቬልማ በአንድ ዓይኗ እያየች ካቴናውን አጠለቀችለት።

«ሊያዋርደኝ ነበር!» አለ ሳሊ ደም እየተፋ። «እንጀራዬን ሊቀማኝ! ‹ይሄ የኔ ነው› ብሎ መሳል ሲጀምር...»

ሮይስ ጡጫውን ሰንዝሮ አየር ላይ አቆመው።

«አባባ እኮ ይኮራብህ ነበር፣ አንተ የተረገምክ! ‹ልጁ ከኔ አሻሽሎታል፤ ግን ተከላካዮቹ ሲነቁበት የሚከተለውን አያውቅም፤ ላሳየው› ብሎ ነው በጠዋት ያስነሣኝ።»

ሳሊ መታገሉን ተወ። ደሙ ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

«የሚከተለው ምንድን ነው?» አለ።

ሮይስ ፊቱን አዞረ። እሱም አያውቀውም።