ለሟች የተቀዳ ጽዋ

ሳቬሊ ዶሮኒን የሞተው እንደተቀመጠ ነው። ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ የቀጠረው ሰው እስኪመጣ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። በወጣትነቱ የልዩ ኃይል ቃኚዎችን መርቶ ከተራራው ጦርነት በሕይወት የተመለሰ ሰው፣ በአንዲት አሮጊት ማድ ቤት ውስጥ በድን ሆኖ ተገኘ።

የጦሩ መርማሪ ሻለቃ ኤልዛር ቶፖርኮቭ የጫማውን በረዶ ደጃፉ ላይ አራግፎ ገባ። ከጫካው ባሻገር ካለው የጦር ሰፈር ሚሳይል የተሸከሙ ከባድ መኪኖች ለልምምድ ሲወጡ፣ የቤቱ መስኮቶች ይንቀጠቀጡ ነበር። መርማሪው አስቀድሞ አስከሬኑን አላየም። ጥግ ላይ ከተሰቀለው ቅዱስ ሥዕል ፊት ቆሞ አማተበ፤ ዙሪያውን የቃኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆዎች ነበሩ። ከእነሱ ራቅ ብሎ፣ ከአንድ ወጣት ወታደር ፎቶግራፍ ፊት፣ በቁራሽ ጥቁር ዳቦ የተከደነ የቆርቆሮ ኩባያ ተቀምጧል።

«ይህስ የማን ነው፣ እማማ?»

የቤቱ ባለቤት ፔላጌያ ፕሮኮፊየቭና የራስ መሸፈኛዋን አስተካከለች። «የያሻ ነው፣ የልጄ። ትናንት ሙት ዓመቱ ነበር። ሁልጊዜ ጢም አድርጌ እቀዳለታለሁ፤ ዳቦ እከድንለታለሁ።»

ዳቦውን አነሣው። ኩባያው ባዶ ነው።

«ይመጣል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በየዓመቱ ይመጣል። ማታ ሙሉ ነው፣ ጠዋት ባዶ ነው። አትሳቅብኝ፣ ልጄ።»

«አልስቅም፣ እማማ።» ኩባያውን በመሐረብ ጠቅልሎ ካፖርቱ ኪስ ከተተው። «ማን ማን ነበር ማታ?»

«ሳቬሊ ከሩቅ ስለሚመጣ እዚሁ ያድራል። ኬሻና ሮዲዮን ከእራት በኋላ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። አምና ግን ማዕበሉ መንገድ ዘግቶ ሮዲዮንም እዚሁ ምድጃው ላይ ባለው መደብ ተኝቶ አደረ። ሁሉም ልጆቼ ናቸው። የወለድኩት አንድ ነበር፤ እግዜር በምትኩ ሦስት ሰጠኝ።»

ከቀትር በፊት የሐኪሙ መልስ መጣ። ሳቬሊን የገደለው ከመጠን በላይ የተወሰደ የልብ መድኃኒት ጠብታ ነው። የአሮጊቷ የመድኃኒት ጠርሙስ መደርደሪያዋ ላይ ባዶውን ተገኝቷል። ከቮድካው ጠርሙስም ሆነ ከሦስቱ ብርጭቆዎች ግን አንዳች መርዝ አልተገኘም።

ኬሻ የተባለው ኢኖኬንቲ በጦርነቱ የቃኚው ቡድን ቁስለኛ አካሚ ነበር፤ አሁን አምቡላንስ ይነዳል። ዓይኖቹ በለቅሶ አብጠዋል፤ ምላሱ ግን አላረፈም።

«ጌታዬ ሻለቃ፣ ከሁላችን መድኃኒት የማውቀው እኔ ነኝ። እኔን ማሰር ይቀላል። ሲያስሩኝ ግን የእማማ ሾርባ ሳይበርድ ይሁን፤ የእስር ቤቱን ቀምሼው አውቃለሁ።»

«ኩባያውን ነክተሃል?»

ኢኖኬንቲ አማተበ። «የያሻን? ቢገድሉኝም! አንድ ዓመት ክርኔ ሳት ብሎት ነክቶት፣ እስከ ፋሲካ ሲያቃዠኝ ነበር።»

«ታዲያ ማን ይጠጣዋል?»

«ማን ይጠጣዋል ይሉኛል? ባለቤቱ ነዋ!»

«ያሻ እንዴት ሞተ?»

ኢኖኬንቲ መጀመሪያ በሩን ዘጋው። «በወገን ሚሳይል። የተራራውን ጫፍ ይመታል ሲባል ሸለቆው ውስጥ እኛ ላይ ወረደ። የሚሳይል ሰዎች ወግ አላቸው፤ አንዱ የዒላማውን ቁጥር ያነባል፣ ሌላው ጮክ ብሎ ይደግማል። ያልተደገመ ቁጥር አይተኮስም። ያን ቀን ሳይደገም ተተኮሰ። ለእማማ ግን የጠላት ነው አልናት። ሳቬሊ ሰሞኑን ‹ቁጥሩን ያስገባውን አገኘሁት፤ ከሙት ዓመቱ ማግስት ለእማማ እነግራታለሁ› አለኝ። ስሙን አልነገረኝም።»

«ለሮዲዮንስ ነግሮታል?»

«በረንዳ ላይ አብረው ሲያጨሱ ነበር። ምን እንዳወሩ እንጃ። ከዚያ እኔና ሳቬሊ ማገዶ ልናመጣ ወጣን፤ እማማም ጓዳ ትጸልይ ነበር።»

ሌተና ኮሎኔል ሮዲዮን ሹቢን ለወጣት መኮንኖች ሚሳይል በፈሳሽ ነዳጅ መሙላትና መተኮስ ያስተምራል። ጥፍሩ ንጹሕ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው።

«ሁላችንም ከአንድ ጠርሙስ ጠጣን» አለ። «እኔ ደህና ነኝ፣ ኢኖኬንቲም ያው እንደሚያዩት ይለፈልፋል። ሳቬሊ ልቡ ደክሞ ጠብታውን ራሱ አብዝቶ ወስዶት ይሆናል።»

«ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፣ ኮሎኔል። ያ ኩባያ እንዴት ባዶ ይሆናል?»

«ይተናል» አለ ሹቢን ሳያመነታ። «አልኮል አይደል? ምድጃው ቅርብ ነው። እማማ ልጄ ጠጣው ብትል ምን እናርጋት፣ ትበል።»

«ተመስገን፣ የተማረ ሰው አገኘሁ» አለ መርማሪው።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደ። መስታወቱ ሥር፣ ማታ የሹቢን መቀመጫ ከነበረው ወንበር ጎን፣ የአበባ ማሰሮ አለ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን አሸተተ። ረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

በረንዳው ላይ ብቻውን ቆመ። ገዳዩን አውቆታል፤ ያስጨነቀው ግን እሱ አልነበረም። እውነቱን ከተናገረ፣ አሮጊቷ በዓመት አንድ ሌሊት የሚመጣላትን ልጅ ይነጥቃታል። «ጌታ ሆይ፣» አለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ልጇን ሁለተኛ የምገድልባት እኔ አታድርገኝ።» ከጫካው ሞተር ብቻ ያጓራል።

ሁሉም ጠረጴዛው ዙሪያ ሲቀመጡ ወደ እሷ ዞረ። «እማማ፣ ጓዳ ገብተው ጋደም ቢሉ ይሻላል።»

«ቤቱ የኔ፣ ሙቱም የኔ ነው። አልነሣም።»

መርማሪው ተነፈሰ። «እንግዲያውስ። የጋራው ጠርሙስ ንጹሕ ነው፣ ብርጭቆዎቹም ንጹሕ ናቸው። ጠዋት ደብቄ የላክሁት ኩባያ ግን የጠብታው አተላ ተገኝቶበታል። የሟች ጽዋ ነው፤ ከመካከላችን በድፍረት የሚነካው የለም። መርዙን የጨመረው ግን አንድ ሰው እንደሚጠጣው ያውቃል።»

«ማን?» አለ ኢኖኬንቲ በሹክሹክታ።

«ሳቬሊ። እናቲቱ ልጄ መጣ ብላ እንድትጽናና፣ እንግዶች ሲሄዱ በየዓመቱ ይጠጣላት ነበር። ይህን ሊያይ የሚችለው እዚህ ያደረ ሰው ነው። ያደረ ደግሞ አንድ ብቻ፣ አምና።»

ሹቢን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ማደር ወንጀል ነው?»

«አይደለም። መዋሸትዎ ነው የጠቆመኝ። ኢኖኬንቲን ማን ይጠጣዋል ብዬ ብጠይቀው ‹ባለቤቱ› አለኝ፤ የሚያምነውን ተናገረ። እርስዎ ‹ይተናል› አሉኝ። ዕድሜዎን ሙሉ ፈሳሽ ሲለኩ የኖሩ ሰው፣ የተከደነ ኩባያ ሙሉ ቮድካ በአንድ ሌሊት እንደማይደርቅ ሳያውቁ ቀርተው ነው? እውነተኛውን መልስ ስለሚያውቁ ሐሰተኛ መልስ ፈለጉ።»

«ይህ ግምት ነው።»

«ኩባያው ጢም ብሎ ነበር። ጠብታው እንዲገባ ጥቂት መቀነስ ያስፈልጋል። ሳቬሊና ኢኖኬንቲ ማገዶ ሊያመጡ ሲወጡ፣ እማማ ጓዳ ሲጸልዩ፣ እርስዎ ብቻዎን ቀሩ። ሌላ አገር ያደገ ሰው ወለሉ ላይ ይደፋው ነበር። እርስዎ ግን የሟች ድርሻ አይረገጥም ተብለው ነው ያደጉት፤ ለአፈር ሰጡት። የአበባው አፈር ቮድካ ቮድካ ይሸታል። እጅዎ ሲገድል እንኳ ያደገበትን አልረሳም።»

ሹቢን ወደ ፎቶግራፉ ሳይሆን ወደ አሮጊቷ አየ።

«ያን ቀን ደጋሚዬ ታሞ ነበር» አለ። «ጊዜ የለም ተባለ፤ ቁጥሩን ብቻዬን አስገባሁት። ያሻን የመታው የኔ ነው፣ እማማ። እዚህ የመጣሁት ልነግርሽ ነበር። በሩን ከፍተሽ ‹ግባ ልጄ፣ በርዶሃል› አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ መናገርም መቅረትም አቃተኝ። ሳቬሊ ዛሬ ይነግርሽ ነበር... በርሽ ሊዘጋብኝ ነበር።»

ፔላጌያ ፕሮኮፊየቭና ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠረገችው፤ ፍርፋሪ አልነበረበትም።

«ያሻ በሕይወቱ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም» አለች ለመርማሪው። «የመጀመሪያው ዓመት ጠዋት ከሳቬሊ እስትንፋስ አውቄዋለሁ። ይህን ያህል ሲደክምልኝ እንዴት አወቅሁብህ ልበለው? በየዓመቱ የምቀዳው ለሱ ነበር።»

ከዚያ ወደ ሹቢን ዞረች።

«ያኔ ደጃፌ ላይ ብትነግረኝ፣ ፊትህን እቧጥጥ ነበር። አልቅሼ ሲወጣልኝ ሾርባ እቀዳልህ ነበር። አሁን ግን ሁለት ልጅ ገደልህብኝ፤ ሦስተኛውንም ራስህ ይዘህብኝ ልትሄድ ነው።»

ወታደሮች ገብተው ሹቢንን ይዘውት ወጡ። ራሱን ሳይሸፍን ነበር የወጣው። መርማሪው ሊከተላቸው ሲል አሮጊቷ ክንዱን ያዘችው፤ በሌላ እጇ የሹቢንን የጠጉር ቆብ ይዛለች።

«ስጠው» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ከኔ ነው እንዳትለው። ጆሮው ቶሎ ይበርደዋል።»