ዘላኑ ዛሂድ

«ዝም በሉ እንጂ! ስብሰባ ላይ ነኝ!»

ዛሂድ ነው ከሳሎን የጮኸው። ጁዋይሪያ ያጠበችውን ድስት በቀስታ መደርደሪያው ላይ ልታስቀምጥ ነበር፤ ሐሳቧን ቀየረችና ጓ አድርጋ ጣለችው።

የአጎቷ ልጅ ዛሂድ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የመጣው «ለጥቂት ቀን» ብሎ ነበር። ይኸው ሳሎኑን ከያዘ ወር አለፈው። ራሱን «ዲጂታል ኖማድ» ብሎ ይጠራል፤ ላፕቶፑን ይዞ ከፈለገው አገር ሆኖ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። መጀመሪያ ሲያስረዳቸው እናቷ ሙስሊማ «አሃ፣ ዘላን ነኝ በለና! ከብቶቹንስ የት ጥለሃቸው መጣህ?» አሉት። ጁዋይሪያ ከዚያን ቀን ጀምሮ በሆዷ «ዘላኑ» ትለዋለች።

ዘላን ግን ይንቀሳቀሳል። ዛሂድ ከሶፋው የሚነሣው ለምሳ ነው። አልፎ አልፎ ሸሚዝ ቀይሮ አንድ ትልቅ ሆቴል ይሄድና፣ ማኪያቶ አዝዞ፣ መዋኛ ገንዳው አጠገብ ላፕቶፑን ከፍቶ ራሱን ይቀርጻል። «ቢሮዬ ዓለም ነው» ይላል በቪዲዮው። የዚህን «ዓለም» የሶፋ ትራስ በየጠዋቱ የምታስተካክለው ግን ጁዋይሪያ ናት።

ይበልጥ የሚያናድዳት ሰው እሱን ማመኑ ነበር። የክፍል ጓደኛዋ ዮሃና ቪዲዮዎቹን አንድም ሳይቀራት አይታለች፤ የሒሳብ ማጠናከሪያ ትምህርት መግባትም አቁማለች።

«ዋእ! ሒሳብ ምን ሊሠራልኝ?» አለች ዮሃና። «እሱ በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው፤ አለቃ የለው፣ ምን የለው። ደግሞ ዓርብ ትምህርት ቤታችን ሊመጣ ነው! መምህር ፍስሐ ጋብዘውታል። የምትተረጉሚለት አንቺ ነሽ አሉ።»

እውነት ነው። ዛሂድ ትግርኛ አይችልም። የጁዋይሪያ ወላጆች ከወሎ ቢመጡም እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ዛሂድ ፊቱ ዐመድ መስሎ ወደ ጓዳ ሮጠ።

«ጁጁ፣ በአላህ! ስልክሽን! ኢንተርኔት ክፈቺልኝ!»

ኔትወርክ የሚይዘው መስኮቱ ጋ ብቻ ስለሆነ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ቆመችለት። ከላፕቶፑ የሚወጣውን የዛሂድን አሠሪ ድምፅ የሰማችው ያኔ ነው። እንግሊዝኛው ቢፈጥንባትም ቁጣ መሆኑ አልጠፋትም። ዛሂድን «ዛክ» እያለ ነው የሚጠራው። የት ጠፋህ? ያዘዝኩህ የታለ? ያ ጩኸትስ ምንድን ነው? ደጅ ላይ ባጃጅ ጡሩምባ እየነፋ ነበር። ዛሂድ «ናይሮቢ ነኝ፣ መንገዱ ተጨናንቆ ነው» አለ። ይቅርታ ጠየቀ። እንደገና ይቅርታ ጠየቀ።

ጥሪው ሲቋረጥ የሸሚዙ ጀርባ በላብ ርሶ ነበር። ጁዋይሪያ ልታዝንለት ምንም አልቀራትም። ዛሂድ ግን ፊቱን ጠረገ፣ የራሱን ስልክ ወደ ፊቱ አዞረና ፈገግ አለ።

«ጓደኞቼ፣ ነፃነት ማለት...»

«ከምርህ ነው? አሁን ሲያዋርድህ የነበረውስ ሰውዬ?»

«እሱ ሥራ ነው።»

«ይኼስ?»

ዛሂድ መቅረጹን አቆመ። «ሰው እንደዚያ ሆኜ ሊያየኝ አይፈልግም፣ ጁጁ።»

«እንዲህ ሆነህም ታስጠላለህ» አለችውና ስልኳን ይዛ ወጣች።

ዓርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዮሃና ከፊት ተቀምጣለች። ዛሂድ ደረቱን ነፍቶ ጀመረ።

«በቀን ሦስት ሰዓት እሠራለሁ። ማንም አያዘኝም።»

ቆም ብሎ ጠበቃት። ተማሪው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ጁዋይሪያ ማይኩን ከአፏ አራቀች።

«ይኼን አልተረጉምም» አለችው በቀስታ።

«ጁጁ፣ እንዳታዋርጂኝ።»

«አላዋርድህም። የናይሮቢውንም አልናገርም። እውነት የሆነ ነገር በል፣ እሱን እተረጉማለሁ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። መምህር ፍስሐ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዛሂድ ኮሌታውን ነካካ፤ የዮሃናን ፊት አየ፤ ወለሉን አየ።

«ትናንት» አለ በመጨረሻ፣ ቪዲዮዎቹ ላይ በሌለ ድምፅ፣ «ሥራ ላይ እያለሁ መብራት ጠፋብኝ። አለቃዬ በጣም ተቆጣኝ።»

ጁዋይሪያ ማይኩን አስጠጋችና ሳታሳምር፣ ሳታከፋም በትግርኛ ተናገረችው። ከዚያ ወደ ዛሂድ ዞረች።

«እሺ፣ ከዚያስ?»